ካልቨር ሲቲ ያለው የድሮው ኤም ጂ ኤም ግቢ፦ ማን ሠራው፣ ማን ሸጠው፣ ምን ተረፈ

የኦቨርላንድ ጎረቤት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስለ ድሮ የአሜሪካ ፊልሞች ስናወራ ብዙ ሰው ሁሉም ነገር እዛ ሆሊውድ የሚለው ጽሑፍ ያለበት ተራራ ስር የተቀረጸ እየመሰለው ነበር የሚጽፈው፣ ስለዚህ ይሄን ለብቻው ልክፈተው ብዬ ነው። የኤም ጂ ኤም ግቢ፣ ያ አንበሳው የሚያገሳበት ድርጅት ማለቴ ነው፣ ያለው ሆሊውድ ሳይሆን ካልቨር ሲቲ ነው። ኤል ኤ (ሎስ አንጀለስ) ያላችሁ ከፌርፋክስ ሊትል ኢትዮጵያ ተነስታችሁ ወደ ደቡብ ምዕራብ ብትነዱ መንገድ ካልተዘጋጋ ሩብ ሰዓት ቢፈጅባችሁ ነው። ዛሬ በሩ ላይ የተጻፈው ሶኒ ፒክቸርስ ነው፣ ግቢው ግን 100 ዓመት አልፎታል፣ ታሪኩ ውስጥ ደግሞ በጣም የሚያስደስትም በጣም የሚያናድድም ነገር ስላለ እንወያይበት። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ነገሩ የሚጀምረው ከፊልም ሳይሆን ከመሬት ነው። ሃሪ ካልቨር የሚባል መሬት ሸንሽኖ የሚሸጥ ሰው ነበር፣ በኤል ኤና በቬኒስ ባህር ዳርቻ መሃል በስሙ ከተማ ሊቆረቁር ፈልጎ ገዢ ሲያፈላልግ ባሎና የምትባለው ትንሽ ወንዝ ላይ ቶማስ ኢንስ የሚባለው ፊልም ሠሪ ታንኳ እያስቀዘፈ የካውቦይ ፊልም ሲቀርጽ ያየዋል፣ ነጋዴ ነውና ወዲያው ና እዚህ ስቱዲዮህን ሥራ ብሎ አግባባው። ኢንስም በ1915 ዋሽንግተን ቡሌቫርድ ላይ ሠራ፣ የመንገዱን ፊት ደግሞ በትላልቅ ዓምዶች አስደረደረው። ዓምዶቹ ዛሬም አሉ፣ በመኪና ስታልፉ ታዩዋቸዋላችሁ፣ አናታቸው ላይ ቅጠል ቅጠል የተቀረጸባቸው ናቸው።

ኢንስ ብዙ ሳይቆይ ለቆ እዛው መንገድ ላይ ሌላ ስቱዲዮ ሠራ (እሱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው)፣ የመጀመሪያውን ግቢ በ1918 ሳሙኤል ጎልድዊን ወሰደው፣ በ1924 ደግሞ የሲኒማ ቤቶች ባለቤት የነበረው ማርከስ ሎው ሜትሮን፣ ጎልድዊንንና የሉዊስ ቢ ሜየርን ድርጅት አዋህዶ ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ተባለ። አንበሳውን ይዞ የመጣው የጎልድዊን ድርጅት ነው። ሰውየው ራሱ ግን ያኔ ከድርጅቱ ወጥቶ ነበር፣ ስሙ ብቻ ነው የቀረው።

በደህናው ጊዜ ያ ቦታ ስቱዲዮ ብቻ አልነበረም፣ ከተማ ነበር። የራሱ ፖሊስ፣ የራሱ እሳት አደጋ፣ የራሱ መብራት ማመንጫ፣ ፀጉር ቤት፣ ለሕፃናት ተዋንያን ትምህርት ቤት፣ ሁሉም ነበረው፣ ጁዲ ጋርላንድና ሚኪ ሩኒ የተማሩት እዛ ውስጥ ነው። የምግብ ቤቱ የዶሮ ሾርባ ደግሞ ሜየር ራሱ በእናቱ አሠራር እንዲሠራ ያዘዘው ነበር። ዋናው ግቢ 44 ኤከር ነው፣ ኦቨርላንድን ስትሻገሩ ሎት ሁለት የሚባል 37 ኤከር፣ ወደ ጀፈርሰን ስትወርዱ ሎት ሦስት የሚባል 65 ኤከር፣ ሌሎች ትንንሾችም ነበሩ። ሎት ሁለት ላይ የኒውዮርክ መንገዶች፣ የአውሮፓ ከተማ፣ ባቡር ጣቢያ፣ የትንሽ ከተማ ሰፈር ከነቤተክርስቲያኑ። ሎት ሦስት ላይ ሐይቅ ያለው ጫካ፣ የካውቦይ ከተማ፣ መርከብ የሚቆምበት ወደብ። አብዛኛው ቤት ፊቱ ብቻ ነው፣ ከፊት ሆነህ ስታየው ባለ አምስት ፎቅ ባንክ ነው፣ ዞረህ ከኋላ ስታየው ግን ባዶ ነው፣ እንጨት በእንጨት ላይ ተጠላልፎ ግድግዳውን ደግፎ ይዞታል፣ መስኮቱ ጋ ሰው ብቅ እንዲል ከተፈለገ ብቻ መሰላልና ጠባብ መቆሚያ ይሠራለታል።

ከዚህ ሁሉ ዛሬ የቀረው ዋናው 44 ኤከር ነው። ሎት ሁለትና ሎት ሦስት የሉም። እንዴት እንደጠፉ ነው መወያየት የፈለግኩት።

ሳራ ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ወይኔ ደስ የሚል ርዕስ ነው የከፈትከው። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ሁሌም የሚወራው ስለ ፊልሙ ነው፣ ቴሌቪዥኑስ? እናቴ ስታየው ያደገችው የድሮ ተከታታይ ሁሉ የት ነው የተሠራው? ስቱዲዮዎቹ ቴሌቪዥን ሲመጣ ጠልተውት ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።

ሆሎን፦

ስለ ሾርባው ልጨምር፣ ሜየር ከሩሲያ ግዛት የመጣ ይሁዲ ስደተኛ ልጅ ነበር፣ እና ያ ሾርባ ውስጡ የማጻ (ያልቦካ ቂጣ) ኳስ ያለበት ነው፣ እኛም እዚህ እስራኤል በፋሲካ ጎረቤቶቻችን ጋ የምንበላው። እኔ እንደዚህ ዓይነቱን ነገር ነው የምወደው፣ ያን ያህል ሀብታም ሆኖ የእናቱን ወጥ ለአራት ሺህ ሠራተኛ ማብላት።

የኦቨርላንድ ጎረቤት፦

@ሳራ ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። መጀመሪያ ላይ አዎ፣ ቴሌቪዥን ጠላት ነው ብለው ነበር። በዛ ላይ በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስቱዲዮና ሲኒማ ቤት በአንድ እጅ መያዝ አይቻልም በሚል መንፈስ ከወሰነ በኋላ ትልልቆቹ ድርጅቶች ሲኒማ ቤቶቻቸውን መልቀቅ ነበረባቸው፣ ኤም ጂ ኤም ከሎው ሲኒማ ቤቶች ጨርሶ የተለየው በ1959 ነው። ያ ማለት ምንም ፊልም ቢሠሩ የሚያሳይላቸው የራሳቸው ቤት አለ የሚባለው ነገር ቀረ። ሜየር ራሱ በ1951 ከሥራው ተነስቷል። ትልልቅ ፊልሞችን ደግሞ ውጭ አገር መሥራት ይረክሳል ተብሎ ተጀመረ፣ የ1959ኙ ቤን ሁር ሮም ቺኔቺታ ነው የተቀረጸው። እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ፣ የመጀመሪያው የ1925ቱ ቤን ሁር ሮም ተጀምሮ አልሆን ሲል ወደ ካልቨር ሲቲ ነው የተመለሰው፣ የፈረስ ጋሪ ውድድሩን የሠሩበት ሜዳ ዛሬ ላ ሲየኔጋና ቬኒስ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነበር። ፌርፋክስ ለመምጣት ስንቴ ያለፍንበት መብራት! እዛ ጋ ነው 42 ካሜራ ደርድረው ያን ሁሉ ፈረስ ያስሮጡት።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ ቴሌቪዥኑ ነው ግቢውን በስልሳዎቹ ያቆየው። ዘ ትዋይላይት ዞን ከ1959 እስከ 1964 እዛ ነው የተሠራው፣ ኮምባት የሚባለው የጦርነት ተከታታይ፣ ዘ ማን ፍሮም አንክል፣ ሁሉም እዛው። ለምን እንደሆነ ስታስቢው ደግሞ ግልጽ ነው፣ የቴሌቪዥን ሰው ጊዜም ገንዘብም የለውም፣ በሳምንት አንድ ክፍል ማድረስ አለበት፣ እና 30 ዓመት ሙሉ የተገነባ የፈረንሳይ መንደር ተዘጋጅቶ ሲጠብቀው ወታደሮቹን ይዞ መግባት ብቻ ነው። ትዋይላይት ዞን ላይ ያ ባዶ ከተማ፣ ሰው የሌለበት ጎዳና የሚመጣው ሁሉ ሐሳቡ ብቻ አይደለም፣ ከተማው እዛው ግቢ ውስጥ ቆሞ ስለነበረ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦

ጽሑፉ ጥሩ ነው ግን ከአሁኑ «እንዴት እንደጠፉ» ስትል የሚመጣው ነገር ይታየኛል፣ ባለሀብቱን ልትረግመው ነው። እኔ ደግሞ ሌላውን ልበል። ኤም ጂ ኤም በ1969 ብቻ ወደ 35 ሚሊዮን ዶላር ከስሯል፣ የዛን ጊዜ 35 ሚሊዮን። 65 ኤከር ሐይቅና የእንጨት መንደር ዘበኛ እየከፈልክ፣ ግብር እየከፈልክ ማቆየት ይቻላል? ከተማው መሃል የገባ መሬት ነው። ያኔ ድርጅቱን የያዘው ባለሀብት ከርኮሪያን ባይሸጠው ሌላው ይሸጠው ነበር።

የኦቨርላንድ ጎረቤት፦

@ሒሳብ ሠራተኛው ወንድሜ አልረግመውም፣ ግን ሁሉንም አንድ ላይ አትጨፍልቀው። በቅደም ተከተል ልንገርህ።

በ1969 ከርክ ከርኮሪያን ድርጅቱን ያዘ፣ የአርመን ስደተኞች ልጅ ነው፣ በአየር መንገድ ሀብት ያፈራ ሰው። ኃላፊ አድርጎ ያመጣው ጄምስ ኦብሪን ነው፣ ቀድሞ የሲ ቢ ኤስ ቴሌቪዥን ፕሬዚዳንት የነበረ። ሥራው አጭር ነበር፣ ወጪ መቁረጥና የሚሸጥ መሸጥ። ዕቃ ክፍሉንና አልባሳቱን በሙሉ ዴቪድ ዋይዝ ለሚባል ሐራጅ ሻጭ በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ሸጡለት፣ እሱ ደግሞ በግንቦት 1970 ለ18 ቀን ሐራጅ አወጣው። ከ40 ዓመት በላይ የተጠራቀመ ነው የምላችሁ! የንጉሥ ዘውድ፣ የወታደር መለዮ፣ ሰረገላ፣ ዘ ታይም ማሽን የሚባለው ፊልም ላይ ያለው የጊዜ ማሽን፣ ሎት ሦስት ሐይቅ ላይ የቆመችው ትልቋ ባለ መዘውር መርከብ ሳትቀር። መርከቧ ካንሳስ ሲቲ ላለ መዝናኛ ፓርክ ነው የሄደችው።

ቀዩ ጫማ፣ ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ ፊልም ላይ ዶሮቲ (ጁዲ ጋርላንድ) ያደረገችው፣ 15,000 ዶላር ተሸጠ። የተሸጠበት አዳራሽ ስቴጅ 27 ነው፣ ፊልሙ ላይ ያ ቢጫው የጡብ መንገድ ሲጀምር የነበረበት ያው አዳራሽ። ይሄን ሳነብ ትንሽ ቆም አልኩ።

እሺ እስከዚህ ድረስ ከአንተ ጋ ልስማማ፣ ድርጅት ሲከስር ዕቃ ይሸጣል፣ መሬትም ይሸጣል። ሎት ሦስት ለቤት ሠሪ ድርጅት ተሸጦ በሰባዎቹ መጀመሪያ ፈረሰ፣ ዛሬ ሬይንትሪ የሚባለው ሰፈርና ሌሎች አፓርታማዎች ናቸው። ሰው ይኖርበታል፣ ልጆች ያድጉበታል፣ ምንም አልልም። ግን የሙዚቃ ክፍሉንስ? ኤም ጂ ኤም በሙዚቃ ፊልም የሚያህለው አልነበረም፣ ሙሉ ኦርኬስትራ በቋሚ ደሞዝ ነበረው፣ እና ከሠላሳዎቹ ጀምሮ የተጻፈው የእያንዳንዱ መሣሪያ ኖታ መጋዘን ውስጥ ነበር። ቦታ ያዘ ተብሎ በመኪና ተጭኖ ተጣለ። አልተሸጠም፣ ለቤተመጻሕፍት አልተሰጠም፣ ከቆሻሻ ጋር መሬት ተሞላበት። ይሄ ስንት ብር ነው ያተረፈው? የወረቀት መደርደሪያ ኪራይ? ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንክ እሱን ንገረኝ።

ኪቦርዲስቱ፦

ይሄን አላውቅም ነበር፣ ራሴን ነው የያዝኩት። ለማያውቅ ሰው ልንገር፣ «ፊልሙ አለ አይደል፣ ሙዚቃው ይሰማል አይደል፣ ወረቀቱ ምን ያደርጋል» የሚል ሰው ይኖራል። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። የዛን ጊዜ ቅጂ ሞኖ ነው፣ ላዩ ላይ ሰው ይናገራል፣ በር ይዘጋል፣ እግር ይደንሳል። ከስር ሁለተኛው ክላሪኔት ምን እንደሚጫወት፣ ቪዮላዎቹ የትኛውን ኖታ እንደያዙ በጆሮ መለየት በጣም ከባድ ነው። እኔ ራሴ የድሮ የክቡር ዘበኛ ባንድ ዘፈኖችን ከቅጂ አዳምጬ ለናሶቹ (ትራምፔትና የመሳሰሉት) ኖታ ለማውጣት ስሞክር አራት ናስ ብቻ ሆኖ እንኳን ሦስተኛው ድምፅ ይጠፋብኛል፣ እዛ ደግሞ ሃምሳ ስድሳ ሰው ነው። ኖታው ከጠፋ ያንን ሙዚቃ ዳግም መድረክ ላይ የሚጫወተው የለም ማለት ነው።

የኦቨርላንድ ጎረቤት፦

@ኪቦርዲስቱ አመሰግናለሁ፣ ልክ እሱን ነበር ማስረዳት የፈለግኩት። ግን ሰው አለ! ጆን ዊልሰን የሚባል እንግሊዛዊ ኮንዳክተር አንተ ያልከውን ነው የሠራው፣ ቁጭ ብሎ ፊልሞቹን እየደጋገመ እያዳመጠ የኦርኬስትራውን ኖታ መሣሪያ በመሣሪያ መልሶ ጻፈው። ለመብት ማስከበሪያ ተብሎ የተቀመጡ አጫጭር የፒያኖ ኖታዎች ተርፈው ስለነበር እነሱ መነሻ ሆነውታል፣ የቀረው በጆሮ ነው። በ2009 ለንደን ሮያል አልበርት ሆል፣ የቢ ቢ ሲ ፕሮምስ የሚባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ሙሉ ኦርኬስትራ ይዞ ተጫወተው። ዩቲዩብ ላይ አለ፣ ፈልገህ እየው፣ ሕዝቡ እንዴት እንደሚሆን ታያለህ። አንድ ኃላፊ በአንድ ትእዛዝ ያስጣለውን ሌላ ሰው ለዓመታት ቁጭ ብሎ መልሶ ሠራው።

ፍትሐዊ ለመሆን ደግሞ ሌላውን ልናገር፣ ያው ድርጅት ፊልሙን ራሱን በደንብ ነው ያዳነው። ሎት ሦስት ላይ የነበረ አንድ የፊልም መጋዘን በ1965 ተቃጥሎ (ብዙ ቦታ 1967 ተብሎ ተጽፏል፣ 1965 ነው) የድምፅ አልባው ዘመን ፊልሞች ወድመዋል፣ ለንደን አፍተር ሚድናይት የሚባለው የ1927 ፊልም የመጨረሻ ኮፒው እዛ ነው የጠፋው። የድሮ ፊልም ናይትሬት ከሚባል ቶሎ ከሚቀጣጠል ነገር ነው የሚሠራው፣ ሲቃጠል ውሃ አያጠፋውም። ግን ሮጀር ሜየር የሚባል ኃላፊ (ከሉዊስ ሜየር ጋር ዝምድና የለውም) የቀረውን ናይትሬት ሁሉ ወደማይቃጠል ፊልም የማስገልበጥ ሥራ አስጀምሮ ስለነበር ኤም ጂ ኤም ከሌሎቹ ስቱዲዮዎች የተሻለ ፊልም አትርፏል። ስለዚህ ነገሩ ገንዘብ የለም አይደለም፣ አንድ ክፍል ውስጥ የሚያስብ ሰው ነበረ፣ ሌላው ክፍል ውስጥ አልነበረም።

ሒሳብ ሠራተኛው፦

የኖታውን ነገር እቀበላለሁ፣ እሱ በሒሳብም አያስኬድም። የመሬቱ ላይ ግን አቋሜ ያው ነው። ከርኮሪያን በ1973 ላስ ቬጋስ ላይ ኤም ጂ ኤም ግራንድን ከፈተ፣ ያኔ በዓለም ከትልልቆቹ ሆቴሎች አንዱ ነበር፣ ድርጅቱን ያኖረው ሆቴሉ ነው እንጂ ፊልሙ አይደለም። ባለአክሲዮን ብትሆን ምን ትል ነበር?

የድሮ ተማሪ፦

ልጆች፣ እኔ ይሄን ክር ሳነብ ቆየሁና ትንሽ ልበል። በሰባዎቹ አጋማሽ እዛ ኤል ኤ ተማሪ ነበርኩ፣ አንድ ጓደኛዬ ካልቨር ሲቲ ሥራ ነበረው፣ ሳደርሰው በኦቨርላንድ ነበር የምናልፈው። ሎት ሁለት ገና አልፈረሰም። ከአጥሩ በላይ የቤተክርስቲያን ጫፍ ይታያል፣ የሰባት የስምንት ፎቅ ቤት ጫፍ ይታያል፣ ቀለሙ ተላልጦ እንጨቱ ወጥቷል፣ መስኮቶቹ መስታወት የላቸውም። አጥሩ የተቀደደበት ቦታ ነበር፣ የሰፈር ልጆች ይገቡበታል። አንድ ቀን መኪና አቁመን በቀዳዳው አየን፣ መንገዱ አስፋልት ነው፣ የመብራት ምሰሶ አለ፣ የሱቅ ምልክት አለ፣ ሳር ከስንጥቁ ወጥቶ ጉልበት ደርሷል። ምን እንደሆነ ያኔ አናውቅም፣ የተቃጠለ ሰፈር መስሎን ነበር። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ቦታ መሆኑን ያወቅኩት በ1974 የወጣውን ዛትስ ኢንተርቴይንመንት የሚለውን የኤም ጂ ኤም ፊልም ዘግይቼ ሳየው ነው። ፍሬድ አስቴር አርጅቶ እዛው ባቡር ጣቢያ ላይ ይራመዳል፣ ከ20 ዓመት በፊት እየዘፈነ የመጣበት ጣቢያ ነው፣ ፈራርሷል። ድርጅቱ የገዛ ፍርስራሹን ቀርጾ ሸጠ። ፊልሙም በጣም አተረፈ።

ሳራ ሲልቨር ስፕሪንግ፦

@የድሮ ተማሪ ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ እንዲህ ያለ ነገር ከመጽሐፍ አይገኝም። ሎት ሁለት ከዛ በኋላ ምን ሆነ? እርስዎ እያሉ ነው የፈረሰው?

የድሮ ተማሪ፦

ሰባዎቹ መጨረሻ ላይ ነው የፈረሰው ልጄ፣ እኔ ያኔ ወደ ሌላ ስቴት ሄጃለሁ። በኋላ ስመለስ ቤት ብቻ ነው ያየሁት።

የኦቨርላንድ ጎረቤት፦

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። አዎ አሁን የመኖሪያ ሰፈር ነው፣ የመንገዶቹ ስም ብቻ ነው የቀረው፣ አስቴር አቬኑ፣ ጋርላንድ ድራይቭ። ማታ ውሻዬን ይዤ የምዞረው እዛ ነው፣ አብዛኛው ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ አያውቅም፣ ምንም ምልክት አይቼ አላውቅም።

የፊልም ጥማት፦

ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ፊልም ነው የምማረው። እናንተ ስለ 1970 ስታወሩ እኔ አንድ ነገር ነው የታየኝ። ልክ ያን ጊዜ እዛው ከተማ፣ ዩ ሲ ኤል ኤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ኃይሌ ገሪማ ፊልም እየተማረ ነበር። ከካልቨር ሲቲ ምን ያህል ይርቃል? ጥቂት ማይል ነው። አንደኛው ጋ ያን ሁሉ የኒውዮርክ መንገድ ለብልሽት ትተውታል፣ ሌላው ጋ ጥቁር ተማሪዎች ካሜራ ተውሰው እውነተኛ መንገድ ላይ ነው የሚቀርጹት፣ ኃይሌ ቡሽ ማማ የሚለውን ፊልሙን ሲሠራ ፖሊስ የቀረጻ ቡድኑን አስቁሞ ሲፈትሽ ያ ራሱ ተቀርጾ ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ገብቷል። ከዛ በ1976 አገር ቤት የተቀረጸውን ምርት ሦስት ሺህ ዓመትን አወጣ። እኔ ሎቱ በመጥፋቱ አላዝንም ልል ነበር፣ ምክንያቱም ያ ግቢ ለእኛ ዓይነት ሰው በሩ ክፍት አልነበረም። ግን የኖታውንና የፊልም መጋዘኑን ስሰማ ሐሳቤን መለየት አለብኝ። ሎቱ አንድ ነገር ነው፣ መዝገቡ ሌላ ነው። መዝገብ የሁሉም ነው።

የኦቨርላንድ ጎረቤት፦

@የፊልም ጥማት በጣም ጥሩ አየሽው/አየኸው። ከዩ ሲ ኤል ኤ ኦቨርላንድ በመኪና ሩቅ አይደለም፣ ጎረቤት ነው። እና በሩ ክፍት አልነበረም ያልከው/ሽው እውነት ነው፣ በዛ ሁሉ ዘመን ለጥቁር ተዋናይ እዛ ግቢ የተሰጠው አብዛኛው ሥራ የአሽከርና የገረድ ነው፣ ወይ ሎት ሦስት ጫካ ውስጥ የ«አፍሪካ» ሰው ሆኖ ጦር ይዞ መሮጥ ነው። አፍሪካ ብለው ለዓለም ያሳዩትን እዛ ሐይቅ ዳር ነው የፈጠሩት። ይሄም የግቢው ታሪክ ስለሆነ መነገር አለበት።

ሳራ ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ጫማውን እኔ ልጨርስላችሁ ምክንያቱም ስሚዝሶኒያን ሄጄ አይቼዋለሁ። አንድ ጥንድ አልነበረም፣ ለቀረጻው ብዙ ጥንድ ነው የተሠራው። አንዱ በ1979 ስሚዝሶኒያን ገባ፣ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ቀይ ድንጋይ አይደለም፣ ጥቃቅን የሚያብረቀርቅ ጌጥ በክር አንድ በአንድ የተሰፋበት ነው፣ ቀለሙም ከጠበቅኩት የጠቆረ ነው። ሌላው ጥንድ በ2005 ሚኒሶታ ካለው የጁዲ ጋርላንድ ሙዚየም ተሰርቆ በ2018 ተገኘ፣ በታህሳስ 2024 ሐራጅ ወጥቶ 28 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፣ የሐራጅ ቤቱ ኮሚሽን ሲጨመር 32.5 ሚሊዮን! መላው ዕቃ ክፍል በ1.5 ሚሊዮን ነው የሄደው ብለኸናል አይደል? አንዱ ጥንድ ጫማ ብቻ ይሄን አወጣ። እና @ሒሳብ ሠራተኛው ባለአክሲዮን ብትሆን ምን ትል ነበር አልክ፣ እኔ ይሄን እላለሁ።

ደግሞ ዴቢ ሬይኖልድስን አትርሱ። እዛው ስቱዲዮ ያደገች ተዋናይ ናት፣ 1970 ሐራጁ ላይ የቻለችውን ያህል ልብስ ገዛች፣ ከዛ ለአሥርት ዓመታት ሙዚየም እንክፈትለት ብላ ደክማ የሚያግዛት አጥታ በ2011 መልሳ ሐራጅ አወጣችው። የእሷ ታሪክ ነው እኔን የሚያሳዝነኝ።

ሒሳብ ሠራተኛው፦

@ሳራ 50 ዓመት አስቀምጦ መሸጥ ለማንም ያዋጣል፣ የዛን ዓመት ደሞዝ ግን አይከፍልም። ቢሆንም ቁጥሩ ከባድ ነው፣ አልከራከርም። ሙዚየም ቢሠሩበት ኖሮ ያዋጣቸው እንደነበር ዩኒቨርሳል አሳይቷል፣ እነሱ በ1964 ነው ግቢያቸውን ለጎብኚ በትራም ማስዞር የጀመሩት፣ ዛሬ የሚኖሩበት ነው። ኤም ጂ ኤም ያ ሁሉ መንደር ተዘጋጅቶለት አላደረገውም። ይሄ የንግድ ስህተት ነው፣ እሱን እቀበላለሁ።

የፊልም ጥማት፦

ዋናው ግቢስ እንዴት ሶኒ እጅ ገባ?

የኦቨርላንድ ጎረቤት፦

እሱን ቶሎ ቶሎ ልበለው ምክንያቱም ወረቀት ማገላበጥ ነው። በ1986 ቴድ ተርነር ድርጅቱን ገዛ፣ ዕዳው ከብዶት ወዲያው ቆራርሶ ሸጠው፣ የድሮ ፊልሞቹን ግን አልለቀቀም (በ1994 ቲ ሲ ኤም የሚባለውን ቻናል የከፈተው በእነሱ ነው)። ግቢውን ሎሪማር ወሰደው፣ ዳላስ የሚባለውን ተከታታይ ይሠራ የነበረው የቴሌቪዥን ድርጅት። በ1989 ዋርነር ሎሪማርን ሲገዛ ግቢው አብሮ ሄደ። በዛው ዓመት ሶኒ ኮሎምቢያ የሚባለውን የፊልም ድርጅት ገዝቶ ሁለት ፕሮዲውሰሮችን ከዋርነር ውል ላይ አስነስቶ ወሰደ፣ ዋርነር ከሰሰ፣ በእርቁ ውስጥ ኮሎምቢያ በርባንክ ያለው ስቱዲዮ ላይ የነበራትን ድርሻ ሰጥታ ይሄን ግቢ ተቀበለች። አንበሳው የወጣበት ቤት በክስ እርቅ ነው የተላለፈው። ሶኒ ግን ያደሰው በደንብ ነው፣ ይሄ አይካድም፣ የድሮዎቹ ስቴጆች በቁጥራቸው እንዳሉ ናቸው፣ በ2012 ደግሞ ኦዝን ለማስታወስ ግቢው ውስጥ 94 ጫማ (29 ሜትር ገደማ) ከፍታ ያለው የብረት ቀስተ ደመና አቆሙ፣ ከመንገድ ይታያል።

እና ዛሬ ግቢውን በየቀኑ የሚያንቀሳቅሰው አሁንም ቴሌቪዥን ነው። የጥያቄና መልስ ውድድሩ ጀፐርዲ ስቴጅ 10 ላይ፣ የጨዋታ ፕሮግራሙ ዊል ኦፍ ፎርቹን ስቴጅ 11 ላይ። ስቴጅ 10 ከ2021 ጀምሮ በጀፐርዲ አቅራቢ ስም የአሌክስ ትሬቤክ ስቴጅ ተብሏል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ አማዞን በ2022 ኤም ጂ ኤምን ገዛ አይደል? የአማዞን ስቱዲዮ የሚሠራው ደግሞ ከዚህ ግቢ ትንሽ ወረድ ብሎ ካልቨር ስቱዲዮስ በሚባለው ግቢ ነው፣ ኢንስ የመጀመሪያውን ለቆ ሁለተኛ የሠራው ያው ግቢ። ስለዚህ አንበሳው ከስንት ዙሪያ በኋላ ካልቨር ሲቲ ተመልሷል፣ የራሱ ቤት ግን ሌላ ሰው ነው ያለበት።

ኪቦርዲስቱ፦

የ2009ኙን ኮንሰርት አሁን እያየሁት ነው። ናሶቹን ስሙ በናታችሁ። ይሄ ሁሉ በጆሮ?

ሳራ ሲልቨር ስፕሪንግ፦

በበጋ ኤል ኤ እመጣለሁ፣ መግባት ይቻላል? ልጆች ይዤ ነው።

የኦቨርላንድ ጎረቤት፦

@ሳራ ይቻላል፣ ሶኒ በእግር የሚያስጎበኝ ቱር አለው፣ በክፍያ ነው፣ ቀድመሽ ኦንላይን ያዢ፣ የልጆቹን ዕድሜ ገደብ አይተሽ። ቴሌቪዥን ቀረጻ ለመታደም ደግሞ ትኬቱ ነጻ ነው፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ከቱሩ በኋላ ኦቨርላንድን ተሻግራችሁ አስቴር አቬኑ ድረስ በእግር ሂዱ፣ ጊዜ ካለኝ እኔ አሳያችኋለሁ የትኛው ጋ ኒውዮርክ እንደነበረ፣ የድሮ ካርታ አለኝ። ምሳ ፌርፋክስ ነው።

የድሮ ተማሪ፦

ካርታውን እዚህ ለጥፈው እባክህ። ያ የአጥር ቀዳዳ የቱ ጋ እንደነበር ማየት እፈልጋለሁ። ስለ ሁለተኛው የኢንስ ግቢም ክር ክፈት፣ ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ እዛ ነው የተሠራው፣ ስለ አትላንታው ቃጠሎ የማውቀው አለኝ።